ሦስት ዘፈንና አንድ ጩኸት

ባለፈው ሳምንት ሚሊን የተለየናት በፀጉር ቤቱ ደጃፍ፣ አባቷ መኪና ውስጥ፣ ቀበቶውን ለማሰር እጇ እምቢ ሲላት ነበር። ያን ታሪክ ያላነበበ ሰው እንዳይቸገር ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው።

ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል በየቅዳሜው የሚሰበሰቡ ሰዎች አሉ። የሚሰበሰቡት ስለ አንድ ባንድ ለመጨቃጨቅ ነው። ባንዱ የግራንጅ ባንድ ነው፤ ጊታሩ እንደ ዛገ የብረት በር የሚያጓራ፣ ዘፋኙ ገና ከእንቅልፉ የቀሰቀሱት ይመስል የሚያማርርበት የሮክ ዓይነት። ሠላሳ ዓመት ስለተጫወቱ ስማቸው ቀርቶ ሁሉም «ሽማግሌዎቹ» ይላቸዋል። የጉባኤው ሊቀመንበር ፀጉር አስተካካዩ ነው። ከመጀመሪያው አልበም፣ ከ«ምድር ቤት»፣ ወዲህ የተሠራውን ሁሉ እንደ ክህደት የሚቆጥር መምህር አለ። ሁሉም የጠላውን አራተኛውን አልበም ብቻዋን የምትወድ ዳቦ ጋጋሪ አለች። የአውቶቡስ መካኒክ አለ፤ ከቱታው ሽታ የተነሣ «ናፍጣ» ይሉታል። እና እሷ። ክሊኒክ ውስጥ ደም የምትመረምር የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ የዳኛ ልጅ። አንድ ጊዜ ስለ ዘፈን ርዝመት ስትከራከር «አንዲት ሚሊ ሰከንድ አትበልጥም!» ብላ ጠረጴዛ ስለመታች «ሚሊ» ሆና ቀረች።

ሚሊና ናፍጣ ሁለት ዓመት ተጨቃጭቀዋል። እሱ የአልበም ሰው ነው፤ እሷ የመድረክ። «መድረክ ላይ ይሳሳታሉ» ይላል። «እሱ ነው እኮ ደሙ!» ትላለች። ከዚያ እስከ ፌርማታው ይሸኛታል፤ አውቶቡሱ ሲመጣም ሞተሩን በጆሮው ሰምቶ «ይሄኛው ደህና ነው፣ ግቢ» ይላታል። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም የፍቅር ቃል አልተነገረም። ሁለቱም ግን ቅዳሜ እስኪመጣ ቀን ይቆጥራሉ።

ከወር በፊት ናፍጣ ከኪሱ አንድ አሮጌ ካሴት አውጥቶ ሰጣት። «ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ነው ያገኘሁት። ለማንም አሰምቼው አላውቅም። ሦስት ዘፈን ብቻ ነው ያለበት፤ ሽማግሌዎቹ እዚሁ ስታዲየም ሲጫወቱ የተቀዳ። ቀን አልተጻፈበትም። ቀኑን አንቺ ንገሪኝ» አላት። ሌላ አላለም።

በጉባኤው ደንብ ማንኛውም የመድረክ ቅጂ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው አንድ አባል ሁለት ጊዜ ሰምቶ፣ ለክቶ፣ ቅዳሜ በሁሉም ፊት ቀኑን ሲናገር ነው። ሽማግሌዎቹ እስካሁን ወደዚህ ከተማ የመጡት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሦስተኛው ኮንሰርታቸው የፊታችን ቅዳሜ ነው። የመጀመሪያው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነበር፤ ያኔ ጊታሮቹን ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገው ነበር የሚቃኙት። በስድስተኛው ዓመት ሲመለሱ አዲስ ጊታሪስት ይዘው፣ በመደበኛው ቅኝትና በፈጠነ አመታት ተጫወቱ። ሚሊ ካሴቱን ሁለት ጊዜ ሳይሆን ዘጠኝ ጊዜ ሰማችው። የመጀመሪያው ዘፈን በመጀመሪያው ጉዞ ቅጂዎች ላይ አራት ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት ነው፤ እዚህ አራት ከሠላሳ አምስት ሆነ። ቅኝቱም ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ነው። ቅዳሜ ተነሥታ፣ ስጦታ የምትሰጠው መስሏት ፊቷ እየበራ፣ «ሁለተኛው ጉዞ ነው። ጥርጥር የለኝም» አለች።

የናፍጣ ፊት አመድ መሰለ። «ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ዘፈን መሐል የሚጮኸው ልጅ አለ አይደል?» አለ ቀስ ብሎ። «ወንድሜ ነው ብዬ ነበር። በሁለተኛው ጉዞ ጊዜ ወንድሜ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነበር።» ካሴቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። ተከትላው ስትሮጥ አባቷ ሊወስዷት መጥተው በር ላይ ቆመዋል። «ማነው ይሄ?» አሏት። ደንግጣ ነበር፤ የአባቷን ፊት አየች፣ የናፍጣን ቱታ አየች፣ «መኪና የሚሠራ ሰው ነው» አለች። ናፍጣ ሰምቷታል።

ማክሰኞ ለፀጉር አስተካካዩ ደብዳቤ ደረሰው። «ከዛሬ ጀምሮ አባል አይደለሁም። ካሴቱን ጣሉት። ለሚሊ፦ ልክ ነሽ፤ ልክ መሆንሽንም አልጠላሁም። የጠላሁት ልክ ስትሆኚ ፊትሽ ላይ የነበረውን ደስታ ነው» ይላል። ሚሊ ያቺን የመጨረሻ መስመር ሁለት ሌሊት በቃሏ ስትደግም አደረች።

*

ሐሙስ ጠዋት። በላቦራቶሪ የቀኑ የመጀመሪያ ሥራ የሰው ደም መመርመር አይደለም። ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና ወደ ማሽኑ ይገባል፤ መቆጣጠሪያ ይሉታል። ጠርሙሱ ላይ ስኳሩ መቶ መሆኑ ተጽፏል። ማሽኑም መቶ ካለ ሥራ ይጀመራል።

ያን ቀን ማሽኑ መቶ ዘጠኝ አለ።

«ዛሬ ማሽኑን አምነን ብንጀምር እስከ ምሳ ከተማው ሁሉ ስኳር በሽተኛ ይሆን ነበር» አለች የሥራ ባልደረባዋ እየሳቀች።

ሚሊ አልሳቀችም። ቁጥሩን እያየች ቆመች። በሽተኛውን ከመክሰስህ በፊት ማሽኑን ጠይቅ፤ ይህን ለስንት ተለማማጅ አስተምራለች! ለካሴቱ ግን መቆጣጠሪያ አላስገባችም። ዘፈኑን ለካች፣ ቅኝቱን ለካች። ካሴቱ ራሱ እውነተኛ ፍጥነቱን ይዞ መዞር አለመዞሩን አልጠየቀችም።

«ምንድን ነው አስቀድሞ የሚታወቀው?» አለች ጮክ ብላ።

«መቶ ነዋ» አለች ባልደረባዋ።

«ካሴቱ ላይ!»

«የምን ካሴት?»

በሻይ ሰዓት የናሙና ማቀዝቀዣው አጠገብ ቁጭ ብላ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ውስጥ ከተተች፤ ካሴቱን ስልኳ ላይ ገልብጣዋለች። አንደኛው ዘፈን አለቀ። ሕዝቡ ያፏጫል። ከፉጨቱ ስር፣ ከሁሉም ነገር ስር፣ የጊታሮቹን ድምፅ የሚያጎሉት የመድረኩ አምፕሊፋየሮች እምምም ይላሉ። ዘጠኝ ጊዜ ሰምታው እንደ አቧራ ያለፈችው ነገር ነው። ቀና ብላ ማቀዝቀዣውን አዳመጠች። እሱም እምም ይላል፤ ግን ወፈር ባለ ድምፅ። በፍጥነት ሌሎቹን የስታዲየሙን ቅጂዎች ከፈተች፦ አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ሰባት። በሁሉም ላይ እምምታው ያው አንድ ድምፅ ነው። መሆንም አለበት፤ ያው የኤሌክትሪክ መሥመር ነው። በናፍጣ ካሴት ላይ ብቻ ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሏል።

ኤሌክትሪክ አይቸኩልም። የቸኮለው ካሴቱ ነው።

ልጁ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ስታዲየም ውስጥ ቴፕ ይዞ ገባ፤ የባትሪ ድንጋዩ ደክሞ ነበር፤ የካሴቱ ክር እየተጎተተ ቀዳ። በዝግታ የተቀዳ ነገር በደህና ቴፕ ሲከፈት ይሮጣል፤ ይቀጥናልም። ወደ ቦታው ቢመለስ አራት ከሠላሳ አምስቱ አራት ከሃምሳ ሁለት ይሆናል። ጊታሩም ግማሽ ድምፅ ይወርዳል። የመጀመሪያው ጉዞ!

ከወንበሯ ስትዘል የእስክርቢቶው ማስቀመጫ ተገለበጠ።

«ሎተሪ ወጣልሽ?» አለች ባልደረባዋ።

«ከሎተሪ ይበልጣል። ሰው ገድዬ ነበር» አለች ሚሊ ካፖርቷን እየጎተተች፤ «አልሞተም!»

ደስታዋ እስከ ክሊኒኩ ደረጃ ድረስ አብሯት ሮጠ። ከደረጃው በታች ግን ያቺ የደብዳቤው መስመር ቆማ ጠበቀቻት።

*

የአውቶቡሶቹ ጋራዥ ውስጥ እግር ብቻ ነው የሚታየው። ናፍጣ ከአንድ ቀይ አውቶቡስ ስር፣ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። የመፍቻው ድምፅ በየሦስት ምቱ ቆም ይላል፤ ሲሠራ የሚያንጎራጉረው ዘፈን ላይ ቆም የሚል ቦታ ስላለ ነው። ዛሬ ግን አያንጎራጉርም።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

መፍቻው ዝም አለ። «መኪና የሚሠራ ሰው ከፈለግሽ ቢሮው በዚያ በኩል ነው።»

ሚሊ ጫማዋ ዘይት ውስጥ መቆሙን አየች፤ አልተንቀሳቀሰችም። «ተሳስቻለሁ።»

«አልተሳሳትሽም። ለክተሻል።»

«ለክቻለሁ። የለካሁበትን ግን አልለካሁም። ስማኝ፣ የባትሪ ድንጋዩ ደክሞ ነበር! እምምታው ግማሽ ድምፅ...»

«ሚሊ።» ከጉድጓዱ ወጣ። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ ጨርቁ ከእጁ ይብስ ነበር። «ያን ድምፅ ሦስት ዓመት ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜ ትንሽ ይቀጥንብኛል። 'ስለጮኸ ነው፣ ልጅ ስለነበረ ነው' እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። አንቺ ቅዳሜ የነገርሽኝ ሆዴ የሚያውቀውን ነው። አንድ ጊዜ በአሥራ አምስት ዓመቴ ቀበርኩት። ቅዳሜ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ። ሦስተኛ አልችልም።»

«ይቀጥንብህ ነበር?» አለች ሚሊ፤ ልቧ እየዘለለ። «ስንት ያህል?»

«ስንት?!» ጨርቁን ወረወረው። «ወንድሜን ስንት ቀጠነ ልበልሽ? በሚሊ?»

ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሁሉ ቀና አሉ። ሚሊ እንባዋ መጣ፤ ግን አፏ ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር ስላለ ይበልጥ አስጠላዋለሁ ብላ ፈራች። ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ቀጥኖበታል ማለት እኮ ትክክለኛው ድምፅ ከዚያ ካሴት ስር ተቀብሮ አለ ማለት ነው።

«ቅዳሜ ስምንት ሰዓት» አለች። «ኮንሰርቱ አሥራ አንድ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት። በተናገርኩበት ክፍል፣ በተናገርኩባቸው ሰዎች ፊት። ብትመጣም ባትመጣም እናገራለሁ።»

«የዳኛ ልጅ አይደለሽ! ፈራጇም አንቺ፣ ይግባኝ ሰሚዋም አንቺ።»

«አባቴ ፊት ያልኩትም...»

«እሱን ተይው። እውነት ነው። መኪና እሠራለሁ።»

«እውነት ሆኖ ውሸት ነበር» አለች። «ከዚያ የባሰ ውሸት ተናግሬ አላውቅም።»

ናፍጣ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ፤ ግን መፍቻው ሳይሰማ ቆየ። እስከ ጋራዡ በር ድረስ ያን ዝምታ በጀርባዋ ተሸክማ ሄደች፤ ከባድ ነበር፤ ባዶ ግን አልነበረም።

*

የዚያኑ ምሽት እራት ላይ አባቷ ጋዜጣቸውን ከሾርባው ጎን አጥፈው አስቀምጠዋል። ጡረታ ከወጡ አራት ዓመት ሆናቸው፤ አሁንም ሰው ሲያዳምጡ ብዕር ይፈልጋሉ።

«አባዬ፣ የፈረድከው ፍርድ ስህተት እንደነበረ ብታውቅ ምን ታደርጋለህ?»

«እኔ አልነካውም። ይግባኝ ባዩ ወደ በላይ ይሄዳል።»

«በላይ የሚባል ባይኖርስ?»

አሰቡ። «እንግዲያው በዚያው አደባባይ፣ በዚያው ድምፅ ትናገሪያለሽ። ስትሳሳቺ ጮኸሽ፣ ስታርሚ ብታንሾካሹኪ፣ እርማት አይባልም። ማነው የተበደለው?»

«ቅዳሜ በር ላይ ያየኸው። መኪና የሚሠራ ሰው ያልኩህ።»

«ታዲያ መኪናችንን አሠርተሽ ሳትከፍዪው ቀርተሽ ነው?»

«መኪናችንን ነክቶት አያውቅም። የሚሠራው አውቶቡስ ነው።» ማንኪያዋን አስቀመጠች። «የምወደው ሰው ነው።»

አባቷ አዩዋት። ከዚያ ጋዜጣውን አነሡ። «ሾርባሽ ቀዘቀዘ» አሉ።

ሚሊ የቀዘቀዘውን ሾርባ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ፈርታ አታውቅም፤ እንዲህም ቀልሏት አያውቅም።

*

ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በፊት ክፍሏ እንደ ምጣድ ሞቃለች። ሁሉም የባንዱን ቲሸርት ለብሷል፤ የመምህሩ ከመታጠብ ብዛት ግራጫ ሆኗል።

«በ'ምድር ቤት' ካልከፈቱ ቲኬቴን ቀድጄ እወጣለሁ» አለ መምህሩ።

«ባለፈው ጉዞም ብለህ ነበር» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ሁለት ቲሸርት ገዝተህ ወጣህ።»

«አንዱ ለወንድሜ ልጅ ነው!»

«የወንድምህ ልጅ ያኔ አልተወለደም።»

«በአራተኛው አልበም ነው የሚከፍቱት» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

«አራተኛው አልበም አልበም አይደለም፤ ይቅርታ ነው!» አለ መምህሩ።

«እናንተ እኮ ጆሮ እንጂ ሆድ የላችሁም። ሰው አርባ ዓመት ሞልቶት አሁንም ምድር ቤት ውስጥ ይጩህ?»

«ሊጮህ ይገባል! ግራንጅ ነው እኮ፤ ማኅበራዊ ዋስትና አይደለም!»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ሆነ። ሚሊ ብቻ የናፍጣን በርጩማ ታያለች። ባዶ ነው። ስምንት ሰዓት ሆነ። ስምንት ከአምስት ሆነ። ተነሣች።

«ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ቆሜ ጥርጥር የለኝም ብያለሁ» አለች፤ በዚያው ድምፅ። ክፍሉ ጸጥ አለ። «ተሳስቻለሁ። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ሳልጠይቅ ነው የፈረድኩት። መዝገቡ ላይ ያለውን ቀን ሰርዙልኝ። ዛሬ በእናንተ ፊት...»

በሩ ተከፈተ። ናፍጣ ነው፤ በሥራ ልብሱ። ወደ ውስጥ አልገባም፤ ትከሻውን በሩ ላይ አስደግፎ ቆመ።

«ቀጥዪ» አለ። «ፈረቃ ላይ ነኝ።»

ሚሊ ያየችውን ሁሉ ተናገረች፦ መቶ ዘጠኙን፣ እምምታውን፣ የደከመውን የባትሪ ድንጋይ። ከዚያ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ቴፕ ሄደች። ያ ቴፕ የክፍሉ ንጉሥ ነው፤ ድምፅ ማጉያው እላዩ ላይ ያለ፣ ከባድ፣ አሮጌ። አጠገቡ ደግሞ የጉባኤው አምፕሊፋየር አለ፤ ጊታር ሳይሰካበት ብቻውን እምምም የሚል።

«ይሄ የኤሌክትሪኩ እውነተኛ ድምፅ ነው» አለች አምፕሊፋየሩን እያሳየች። «ካሴቱ ውስጥ ያለው እምምታ ከዚህ ጋር እስኪገጥም ቴፑን ማዘግየት አለብን። ከኋላ በትንሿ ቀዳዳ ውስጥ...»

«የሞተሩ ፍጥነት ብሎን» አለ ናፍጣ ሳያስበው።

«እጄ ይንቀጠቀጣል» አለች። «ጆሮው የእኔ ይሁን። እጁ ያንተ።»

ሁሉም እሱን አየ። ናፍጣ ከበሩ ተላቀቀ። ከኪሱ ትንሿን ካቻቢቴ አውጥቶ ቴፑ ኋላ ተንበረከከ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ተቀራርበው አያውቁም፤ የፀጉሩን ጫፍ በጉንጯ ልትነካው ምንም አልቀራትም።

ከአንደኛው ዘፈን በኋላ ያለው ክፍተት ዘጠኝ ሰከንድ ብቻ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ካሴቱን እየመለሰ ከፈተው። ሁለቱ ድምፆች ተገናኙ፤ አልተስማሙም። ክፍሉ ውስጥ ው-ው-ው-ው እያሉ ተንቀጠቀጡ።

«ወደ ግራ» አለች። «በጣም ትንሽ።»

ካሴቱ ተመለሰ። ው፣ ው፣ ው፣ ው።

«ሲቀራረቡ መንቀጥቀጡ ይዘገያል። ገና ነው። ትንሽ ግራ።»

እንደገና። ው... ው... ው። ዳቦ ጋጋሪዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«አለፍክ። መልስ። የፀጉር ያህል።»

«ፀጉር ቤት ነው ያለነው፤ የማንን?» አለ መምህሩ፤ ማንም አልሳቀለትም።

በአሥራ አንደኛው ጊዜ ው... አለ፣ ቆየ፣ ው... አለ፣ ከዚያ ቆመ። ሁለት ድምፅ አልነበረም። አንድ ሆኗል፤ የትኛው ከካሴቱ፣ የትኛው ከአምፕሊፋየሩ እንደሚመጣ መለየት አይቻልም። ሚሊ ቃል ሳታወጣ እጁን ያዘችው፤ ብሎኑን እንዳያንቀሳቅስ ይሁን ለሌላ፣ እሷም አታውቅም። እሱም አላስለቀቃትም።

«ይሂድ» አለች።

ሁለተኛው ዘፈን ተነሣ። ከባድ ነበር፤ ዝግ ያለ፣ ጥቁር፣ ከመሬት የሚወጣ። መምህሩ ከወንበሩ ተስፈነጠረ። «ዝቅ ብሎ ነው የተቃኘው! ጊታሩን ስሙት! የመጀመሪያው ጉዞ ነው! ጌታዬ፣ የመጀመሪያው ጉዞ ነው!» ዳቦ ጋጋሪዋ ጮኸች፤ ፀጉር አስተካካዩ መዝገቡን ፈልጎ አጣው፤ እጁ ላይ ነበር።

ናፍጣ ግን አልተነሣም። ይጠብቃል። የሚሊም ደስታ ቆመ። ጉዞው መታወቁ የልጁን ማንነት አያረጋግጥም። የወንድሙ ድምፅ ካልሆነስ? ዛሬ ደግሞ በገዛ እጁ ብሎኑን አዙሮ...

ዘፈኑ አለቀ። ሕዝቡ አፏጨ። ከዚያ ከቀጂው አጠገብ፣ ከግራ በኩል፣ ወፈር ያለ የወጣት ድምፅ፣ ሳቅ ያለበት፦

«ከበሮውን ቀንሱት! ሰውየውን አሰሙን!»

ናፍጣ ግንባሩን ቴፑ ላይ አስደገፈ።

«ወንድም ጋሼ» አለ።

ትከሻው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ቀና ሲል ፊቱ እርጥብ ነው፤ ፈገግታውም እንደ ልጅ። «አይቀጥንም» አለ ለሁሉም፣ ከዚያ ለእሷ ብቻ። «ሚሊ፣ አይቀጥንም። እሱ ነው። እንዲህ ነበር።»

ማንም በዚያ ክፍል ውስጥ አልበም የሚባል ነገር ትዝ አላለውም።

«እናቴ» አለ ናፍጣ ድንገት። «እናቴ አልሰማችውም። እርግጠኛ ስላልነበርኩ አሰምቻት አላውቅም።» ፀጉር አስተካካዩን አየ። «ሊቀመንበር...»

«ይሄን ቴፕ ሚስቴ እንኳ አቧራውን አትጠርገውም» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ሶኬቱን ነቀለና ገመዱን በጥንቃቄ ጠቀለለው። «ብሎኗ እንዳትነካ። ውሰዱት።»

«ኮንሰርቱስ?» አለ መምህሩ።

«እንደርሳለን» አለች ሚሊ። «ባንደርስም እንደርሳለን።»

*

አውቶቡሱ ውስጥ ቴፑ ለአንዱ ጉልበት ይከብድ ስለነበር በሁለቱም ላይ አስቀመጡት። አውቶቡሱ በስታዲየሙ መንገድ ባንዱን በሚያወድስ ሕዝብ ተሞልቷል፤ ይዘፍናሉ፣ መስኮት ይመታሉ። ናፍጣ ወደ ሹፌሩ አንገቱን አስግጎ «ሦስተኛ ማርሹ ያጉረመርማል» አለ።

«ከሐሙስ ጀምሮ አልተኛሁም» አለ ቆይቶ። «ልክ ብትሆኚ እወድሻለሁ። ብትሳሳቺም እወድሻለሁ። የከበደኝ ይሄ ነበር፤ ልጣላሽ ስል ምክንያት አጣሁ።»

ሚሊ ይህን ለሁለት ዓመት ስትጠብቀው ነበር። የተናገረችው ግን ሌላ ነገር ነው። «ለአባቴ ነግሬዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«የምወደው ሰው ነው ብዬ።»

ቴፑ ጉልበታቸው ላይ ተናወጠ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያዙት። «እሱስ ምን አለ?»

«ሾርባሽ ቀዘቀዘ አለኝ።»

«ይሄ እሺ ነው እምቢ?»

«በእኛ ቤት ቀጠሮ ይባላል።» ሳቀች፤ ዓይኗ ሞልቶ ነበር። «ዛሬ ጠዋት ደግሞ 'ያ አውቶቡስ የሚሠራው ልጅ እሑድ ምሳ ይበላል ወይ?' አለኝ። ሁሉም ሰው ይበላል አልኩት።»

ናፍጣ መስኮቱን አየ፤ ፊቱን ሊደብቅ። መስታወቱ ግን መልሶ አሳየው፤ ሚሊም አየችው፤ ጣቶቿንም በጣቶቹ መሐል ስትከት ደሟ በሙሉ ወደ እጇ የሮጠ መሰላት።

ቤት ሲደርሱ እናቱ መስኮት አጠገብ ቁጭ ብለው የልጃቸውን ሁለተኛ የሥራ ልብስ ቁልፍ ይተክላሉ። ሚሊን ከእግር እስከ ራሷ አዩ፣ ቴፑን አዩ፣ «ምን ተሸክማችሁ መጣችሁ? ተቀመጪ ልጄ» አሉ። ናፍጣ ሊያስረዳ ጀመረ፤ አልቻለም። ሶኬቱን ሰካና ከፈተው።

ጊታሩ ሲያጓራ እናትየው ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ይሄን ጩኸት ዛሬም አልተውክም?» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ዘፈኑ አለቀ።

«ከበሮውን ቀንሱት! ሰውየውን አሰሙን!»

መርፌያቸው ቆመ።

«ይሄ ልጅ!» አሉ፤ ጮክ ብለው፣ በቁጣ፣ ከጎረቤት እንደሚጠሩት። «ሰው በገዛ ከበሮው ቢመታ እሱን ምን አገባው? ስንት ጊዜ ተናገርኩት፣ በሰው ሥራ አትግባ ብዬ!» ሳቁ። ሳቃቸው መሐል ላይ ተሰበረ፤ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ጉሮሮው ደርቋል። ውሃ የሚሰጠው ሰው አልነበረም?»

«ነበሩ እማዬ» አለ ናፍጣ እግራቸው ስር ተቀምጦ። «ጓደኞቹ አብረውት ነበሩ። ደስ ብሎት ነበር።»

«ደስ ብሎታል። ይሰማል» አሉ። እንባቸውን በሥራ ልብሱ እጅጌ ጠረጉ። ከዚያ ወደ ሚሊ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ እስቲ መልሺልኝ።»

ሚሊ መለሰችው። በሩቁ፣ ከስታዲየሙ በኩል፣ የብዙ ሺህ ሰው ጩኸት ተነሣ። ናፍጣ ከእናቱ ጉልበት ላይ ቀና ብሎ አያት፤ እሷም አየችው። ሁለቱም ሰምተዋል። ሁለቱም አልተነሡም። ሚሊ ጣቷን ቁልፉ ላይ እንዳኖረች ቀረች፤ ደስታ እንዲህ ልብን እየነቀለ ሰውን ባለበት ማስቀመጥ እንደሚችል እስከዚያች ሰዓት አታውቅም ነበር።